«ይሄንማ እኔም እስለዋለሁ»፦ ዘመናዊ ሥዕል እንዴት እዚህ ደረሰ?

በ2019 ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ ሥዕል በጨረታ ተሸጠ። ዋጋው 110.7 ሚሊዮን ዶላር። ሥዕሉ ላይ ምን አለ ብትሉ የእህል ክምር ነው። አዎ፣ ክምር። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ከደጀን እስከ ዳንግላ ስትጓዙ በመኪናው መስኮት ግራና ቀኝ የምታዩት ዓይነት። ክሎድ ሞኔ የሚባል ፈረንሳዊ ሠዓሊ ከቤቱ አጠገብ ካለ ማሳ ላይ ነው የሣለው።

እንዲህ ያለ ወሬ በተሰማ ቁጥር ሁለት ነገር ይባላል። አንደኛው «ፈረንጅ ገንዘብ ተርፎት ነው»። ሁለተኛው «ይሄንማ እኔም እስለዋለሁ»። የገንዘቡን ነገር ለባለገንዘቦቹ እንተወው። ሁለተኛው ግን መልስ አለው።

ብዙዎቻችንን ግራ የሚያጋባን አንድ ግምት ነው፦ ጥሩ ሥዕል ማለት ፎቶ የሚመስል ሥዕል ነው የሚል። ሲገርም ይህ ግምት የኛ የራሳችን አይደለም። የጣና ገዳማትን ሥዕል እያየ ያደገ ሰው ፎቶ የማይመስል ሥዕል ማንበብ ከልጅነቱ ያውቅበታል። ስለዚህ ከዚያው እንነሣ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ሥዕል ፎቶ መምሰል አለበት ያለው ማነው?

ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻገሩ። በቡናው ጫካ ውስጥ ያለውን አቀበት ውጡና ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግቡ። የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን ሥዕል ነው። እዚያ በላኤ ሰብን ፈልጉት። ሰባ ስምንት ነፍስ በልቶ፣ በእመቤታችን ስም ለለመነው ለምጻም ጥርኝ ውኃ በመስጠቱ የዳነው ሰውዬ። ይህ ታሪክ በቤተ ክርስቲያን ሲሣል ብዙ ጊዜ በላኤ ሰብ በአንድ ግድግዳ ላይ ደጋግሞ ይታያል። እዚህ ይበላል፣ እዚያ ውኃ ይሰጣል፣ ወዲያ ደግሞ ነፍሱ በሚዛን ትመዘናለች። «አንድ ሰው እንዴት ሦስት ቦታ ይቆማል?» ብሎ የጠየቀ ምእመን ግን አልሰማሁም።

ዓይኖቹንም እዩ። ደጋጎቹ ፊት ለፊት ያዩናል፣ ሁለት ዓይን አላቸው። ክፉዎቹ፣ ይሁዳም ይሁን ሰይጣኑ፣ በጎን ይሣላሉ፤ የሚታየው አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው። እመቤታችን አጠገቧ ካሉት ሁሉ ገዝፋ ትታያለች። ካሜራ እንዲህ አያይም። ሠዓሊውም ካሜራ የመሆን ሐሳብ አልነበረውም። እሱ የሣለው ነገሩ ምን እንደሚመስል ሳይሆን ነገሩ ምን እንደሆነ ነው።

አውሮፓ ውስጥ ግን ከ15ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ መንገዱ ሌላ ሆነ። ፐርስፔክቲቭ የሚባል ስሌት ተገኘ። ሩቅ ያለው ነገር እያነሰ፣ መንገዱ እየጠበበ ይሄድና ጠፍጣፋው ሸራ ጥልቀት ያለው ይመስላል። ብርሃንና ጥላ ተጨመረበት፣ የሰውነት ጥናት ተጨመረበት፣ ለአራት መቶ ዓመት ያህል ሠዓሊው ሁሉ እውነተኛውን ዓለም በመቅዳት ሲፎካከር ኖረ። እጅግ ድንቅ ሥራም ተሠራ፣ እሱን መካድ አይቻልም።

ከዚያ በ1839 ፓሪስ ላይ የፎቶግራፍ ሥራ ለሕዝብ ይፋ ሆነ። ሠዓሊ ወር ሙሉ የሚደክምበትን ፊት አንድ ሣጥን በደቂቃዎች ያወጣው ጀመር። ጥያቄው ቀላል ነበር፣ ግን ያስደነግጣል፦ መቅዳቱን ማሽን ከሠራው ሠዓሊ ምን ይሥራ?

ቀጥሎ የምታነቧቸው «ኢዝም» የሚል ጭራ ያላቸው ስሞች በሙሉ ለዚህ ጥያቄ የተሰጡ መልሶች ናቸው ብላችሁ ያዙልኝ። ፈለግ ወይም ንቅናቄ ስልም ተቀራራቢ መልስ የሰጡ ሠዓሊዎችን ማለቴ ነው። መታወቂያና መዋጮ ያለው ማኅበር አይደለም።

እነ ሞኔ ምን አደረጉ?

ፓሪስ ውስጥ ሳሎን የሚባል ትልቅ ኤግዚቢሽን ነበር። ሳሎን ላይ ያልተሰቀለ ሠዓሊ ገበያ አያገኝም። ዳኞቹ የሚወዱት ደግሞ የታወቀ ነው፦ የጥንት ጀግና፣ የግሪክ አማልክት፣ ብሩሽ የነካው የማይመስል ልስልስ ያለ ቀለም። በ1863 ዳኞቹ ከቀረበላቸው ሥራ ከግማሽ በላይ መለሱ። ጩኸቱ ሲበዛ ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን 3ኛ የተመለሱትም ለብቻቸው ይታዩና ሕዝቡ ራሱ ይፍረድ አለ። ሕዝቡ ሄደ። አየ። ሳቀ።

ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ1874፣ ሞኔ፣ ሬኗር፣ ደጋ፣ ፒሳሮ፣ በርት ሞሪዞና ጓደኞቻቸው ዳኞቹን ትተው በራሳቸው ኤግዚቢሽን አሳዩ። ቦታው ናዳር የተባለ ፎቶ አንሺ ይሠራበት የነበረ ስቱዲዮ ነው። (ሠዓሊዎቹን ሥራ ያስፈታው ፎቶ፣ ቤት አበደራቸው እንበል።) ሞኔ ያቀረበው አንዱ ሥዕል የወደብ ጠዋት ነበር፤ ርእሱም «ኢምፕሬሽን፣ የፀሐይ መውጣት»። አንድ የጋዜጣ ሐያሲ፣ የግድግዳ ወረቀት እንኳ ከዚህ የተሻለ ያለቀ ነው ብሎ አላገጠ። የፈለጉ መጠሪያ ኢምፕሬሽኒዝም የሆነው ከዚያ ነው።

ይህን ሥዕል አሁኑኑ በስልካችሁ ፈልጉት። ጭጋግ የሸፈነው ውኃ፣ ሁለት ሦስት ትንንሽ ጀልባ፣ ከላይ ብርቱካናማ ፀሐይ። አሁን ምስሉን ስልኩ ላይ ወደ ጥቁርና ነጭ ለውጡት። ፀሐይዋ ልትጠፋ ትደርሳለች! ሞኔ ፀሐይዋን ከሰማዩ አስበልጦ አላበራትም። ድምቀቷ ከዙሪያዋ ደመና ጋር እኩል ለእኩል ነው፤ የሚለያት ቀለሟ ብቻ ነው። ዓይናችንና አእምሯችን ድምቀትንና ቀለምን በተለያየ መንገድ ስለሚያነብቡ ፀሐይዋ በቀለሟ ትታያለች፣ በድምቀቷ ግን የለችም። ርግብ ርግብ የምትለው ለዚህ ነው። ይሄን ልጅ በድንገት አይሠራውም።

ወደ ክምሩ ልመልሳችሁ። ሞኔ በ1890 እና 1891 እነዚያን ክምሮች ወደ 25 ጊዜ ያህል ሣላቸው። ብዙ ሸራ ይዞ ወደ ማሳው ይወጣል። ብርሃኑ ሲለወጥ የያዘውን ያስቀምጥና ለዚያ ሰዓት የሚሆነውን ሌላ ሸራ ያነሣል። ክምሩ ሰበብ ነው። የሚሣለው ብርሃኑ ነው፦ የጠዋቱ፣ የማታው፣ በረዶ የወረደበቱ። ጥላውን ጥቁር አላደረገውም፤ ሰማያዊና ወይን ጠጅ አድርጎታል። ይህ ደግሞ ፈጠራ አይደለም። ታኅሣሥ ላይ ሰማዩ ጥርት ባለበት ጠዋት የጤፍ ክምር ሥር የሚወድቀውን ጥላ ልብ ብላችሁ እዩት፤ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ምክንያቱም ፀሐይ ያልደረሰበትን ቦታ የሚያበራው ሰማዩ ነው።

ሜዳ ወጥቶ መሣል የቻሉበትም ተራ የሚመስል ምክንያት አለ። ድሮ ቀለም የሚቀመጠው በአሳማ ፊኛ ነበር፤ ይደርቃል፣ ይፈሳል። በ1841 ጆን ራንድ የሚባል አሜሪካዊ ሠዓሊ የሚጨመቅ የቆርቆሮ ቱቦ ሠራ። ቀለም ኪስ ውስጥ ገባ፣ ሠዓሊውም ከቤት ወጣ።

ቀለሙስ ለምን አበደ?

ከእነ ሞኔ ቀጥለው የመጡት፣ ፖስት ኢምፕሬሽኒስት የሚባሉት፣ እርስ በርሳቸው አይመሳሰሉም። ሱራ ሸራውን በጥቃቅን ነጠብጣብ ሞላው፤ ቀለሙን ብሩሹ ሳይሆን የተመልካቹ ዓይን ይቀላቅለው ብሎ። ሴዛን አንድ ተራራ እየመላለሰ ሣለ፤ ብርሃኑን ሳይሆን ከሥር ያለውን አጥንት ፍለጋ። ቫን ጎ በ1889 በአእምሮ ሕሙማን መታከሚያ ሆኖ የሌሊት ሰማይ ሣለ፤ ከዋክብቱ ይሽከረከራሉ። ሰማይ እንደማይሽከረከር ያጣው አይመስለኝም። የሣለው የሚሰማውን ነው። በዓመቱ፣ ገና በ37 ዓመቱ፣ ሞተ።

«የሚሰማኝን» የሚለው መልስ ከዚያ በኋላ በረታ። በ1905 እነ ማቲስ ፓሪስ ላይ አረንጓዴ አፍንጫና ብርቱካናማ አንገት ያላቸው ሰዎች ሣሉ። አንድ ሐያሲ አውሬዎች አላቸው፤ ፎቪዝም የሚባለው ይኸው ነው። በዚያው ዓመት ጀርመን ድሬስደን ውስጥ እነ ኪርሽነር ተሰባሰቡ። ኤክስፕሬሽኒዝም፣ ማለትም የውስጥን ስሜት ለማውጣት መልክን ማጣመምና ቀለምን ማስጮህ፣ ከእነሱ ጋር ስሙን ተከለ። የኖርዌያዊው ሙንክ «ጩኸት» በ1893 መንገዱን ቀድሞ ጠርጎላቸው ነበር። ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ አፉን የከፈተው ሰውዬ፤ ስልካችሁ ላይ ያለችው ምልክት ራሷ የእሱ ዘመድ ናት።

ይህ ሁሉ የሠዓሊዎች ጨዋታ ብቻ መስሎ እንዳይታያችሁ። በ1937 ናዚዎች ሙኒክ ውስጥ ከ650 በላይ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሥራዎችን ሰብስበው «የተበላሸ ጥበብ» ብለው ለመሳለቂያ ሰቀሉ። አምባገነን ከሥዕል ጋር የሚጣላበት ምክንያት አለው።

ፒካሶ ፊት መሣል አይችልም ነበር?

ይችል ነበር። ገና ልጅ ሳለ የሣላቸውን ብታዩ የትኛውም የሳሎን ዳኛ ይቀበላቸዋል። መተዉን የመረጠው አውቆ ነው።

በ1907 «የአቪኞን ወይዛዝርት» የተባለውን ሥዕል ሠራ። አምስት ሴቶች ናቸው፤ ሰውነታቸው በመጥረቢያ የተጠረበ ይመስላል፣ የሁለቱ ፊት ጭምብል ነው። ፒካሶ በዚያ ሰሞን ፓሪስ በሚገኝ ሙዚየም የአፍሪካ ጭምብሎችን አይቶ ነበር። እነዚያ ጭምብሎች ብዙዎቹ በቅኝ ግዛት ዘመን ከባለቤቶቻቸው የተወሰዱ ናቸው። እንግዲህ «የፈረንጅ ዘመናዊ ጥበብ» ስንል ሥሩ የት የት እንደሚደርስ አስቡት።

ከዚያ ፒካሶና ጓደኛው ብራክ ኩቢዝምን አበጁ። ሐሳቡ ይህ ነው፦ አንድን ሰው ስናውቅ ከአንድ ቦታ ቆመን አይደለም። ከፊት አይተነዋል፣ ከጎን አይተነዋል፣ ዞረነዋል። ታዲያ ሸራው ለምን ከአንድ መስኮት ብቻ ያያል? ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ላይ ዘረጉት፤ በጎን የተሣለ ፊት ላይ ሁለቱም ዓይን መጡ። ዘጌ ላይ የአንድን ሰው ሦስት ጊዜ በአንድ ግድግዳ ማየት ካላስቸገረን፣ የአንድን ፊት ሁለት ጎን በአንድ ሸራ ማየት ያን ያህል ሊያስቸግረን አይገባም። እርግጥ ዓላማቸው ለየቅል ነው፤ የዘጌው ለጸሎትና ለትምህርት፣ የፒካሶው ማየት ማለት ምን እንደሆነ ለመጠየቅ።

መጣመሙ ምን እንደሚጠቅም ማየት የፈለገ ሰው «ጌርኒካ»ን ይይ። ሚያዝያ 1937 የጀርመንና የጣሊያን አውሮፕላኖች ጌርኒካ የምትባለውን የስፔን ከተማ ደበደቡ። ልብ በሉ፣ በላይ ዘለቀ ጎጃም ውስጥ ከፋሺስቱ ጦር ጋር ሲዋጋ በነበረበት ዘመን ነው፤ ኢትዮጵያን ከሰማይ ይደበድብ የነበረው ያው የጣሊያን አየር ኃይል ነው። ፒካሶ በሳምንታት ውስጥ ቁመቱ 3 ሜትር ተኩል፣ ወርዱ 8 ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሸራ ሣለ። ቀለሙ ጥቁር፣ ነጭና ግራጫ ብቻ ነው። በግራ በኩል እናት የሞተ ልጇን ታቅፋ አንገቷን ወደ ላይ ሰብራ ትጮሃለች። መሃል ላይ ፈረስ ይንቀጠቀጣል። ከላይ አንድ አምፖል ቦግ ብሏል። ከታች የተሰበረ ሰይፍ የያዘ እጅ አለ። አውሮፕላን የለም፤ ቦምብ የለም፤ ጀርመንም ጣሊያንም የለም። ያንን ጩኸት በተስተካከለ ፊት ሣሉት ብትባሉ ከየት ትጀምራላችሁ?

ምንም ነገር የሌለበት ሥዕልስ?

ረቂቅ ሥዕል፣ በተለምዶ አብስትራክት የምንለው፣ ሰውም ዛፍም ቤትም የሌለበት ነው። ያለው መስመር፣ ቅርጽና ቀለም ነው። አንድ ቀን በድንገት አልመጣም። ሆላንዳዊው ሞንድሪያን መጀመሪያ ዛፍ ይሥል ነበር። በሚቀጥሉት ሸራዎች ላይ ዛፉ እየሳሳ፣ ቅርንጫፉ ወደ መስመር እየተለወጠ ሄደ። በመጨረሻ ቀጥ ያሉ ጥቁር መስመሮችና ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ አራት ማዕዘኖች ቀሩ። ሩሲያዊው ካንዲንስኪ ደግሞ ሙዚቃን አሰበ፦ የበገና ድምፅ የምንም ነገር ፎቶ ሳይሆን ልብ ይነካ የለ? ካንዲንስኪ በገና ሰምቶ ይሁን አይሁን ሌላ ነገር ነው፤ ነገሩ ግን ይኸው ነው።

ከሁሉ ሰውን የሚያናድደው የማሌቪች «ጥቁር ካሬ» ነው። በ1915 መጨረሻ ፔትሮግራድ ላይ የታየ። ጎኑ ወደ 80 ሴንቲ ሜትር፣ ነጭ መደብ ላይ ጥቁር ካሬ፣ አለቀ። ለእኛ ግን የተሰቀለበትን ቦታ ማወቁ ይበልጣል። ማሌቪች ሥዕሉን የሰቀለው ከጣሪያው ሥር፣ በክፍሉ ማዕዘን ላይ ነው። የሩሲያ ኦርቶዶክስ ቤተሰብ ቅዱሳት ሥዕላትን የሚሰቅለው እዚያ ማዕዘን ላይ ነው! ገብቶ ያየው ሁሉ ምን እንደተደረገ ወዲያው ገብቶታል። ድፍረት ነው የሚል ይኖራል፤ መብቱ ነው። ዝም ብሎ ቀለም ቀባ ማለት ግን አይቻልም።

አሁን «ይሄንማ እኔም እስለዋለሁ» ላለው ሰው። ጎንጅ ወይም ዋሸራ ያለውን የቅኔ ቤት ልማድ አስቡ። ተማሪው በየጊዜው አዲስ ቅኔ ይዞ መምጣት አለበት። ሌላው የተቀኘውን ቃል በቃል ሸምድዶ ቢያሰማ ተቀኘ አይባልም፤ ቅኔው ምንም ያህል ቀላል ቢመስል። ጥቁር ካሬውም እንዲሁ ነው። መሣሉን ማንም ይሥለዋል። በ1915፣ በዚያ ማዕዘን፣ ማንም ሳይል በፊት ማለቱ ነው ዋጋው። ዛሬ ብትሥሉት ካሬ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የዓለም ዓይን ከፓሪስ ወደ ኒው ዮርክ ዞረ። ጃክሰን ፖሎክ ከ1947 ጀምሮ ሸራውን መሬት ላይ ዘርግቶ እየዞረ ቀለም ያንጠባጥብበት ጀመር። ሮትኮ ደግሞ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ሸራ ላይ ሁለት ሦስት የቀለም ደመና ብቻ አስቀመጠ። ሮትኮን በስልክ ማየት ብዙም አይረባም። ሸራው ዙሪያችሁን ካልሸፈነ ምንም አታገኙበትም።

የሽንት መሽኛውና የሙዙ ነገርስ?

እነዚህ ሥዕል አይደሉም፣ ግን ሁሉም ስለሚያነሣቸው ልጥቀሳቸው። በ1916 አውሮፓ በጦርነት ስትነድ ዙሪክ ላይ ዳዳ የሚባል ንቅናቄ ተነሣ፤ ሰውን በሚሊዮን የሚያሳርደው «ሥልጣኔ» ይህ ከሆነ እኛም በሥልጣኔው እንስቃለን የሚል። በዚያው መንፈስ ማርሴል ዱሻን በ1917 ኒው ዮርክ ላይ ከሱቅ የተገዛ የወንዶች ሽንት መሽኛ ፈርሞ ለኤግዚቢሽን ላከ። አዘጋጆቹ የመጣውን ሁሉ እንቀበላለን ብለው ነበር። ያንን ግን አልተቀበሉም። ጥያቄው ግን አልሞተም፦ ጥበብ የሚያደርገው እጅ ነው ወይስ ምርጫ? በ2024 በጨረታ 6.2 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት፣ ግድግዳ ላይ በፕላስተር የተለጠፈው ሙዝ የዚህ ጥያቄ የልጅ ልጅ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ዱሻን ብሎታል፣ ይበቃ ነበር።

ሱሪያሊዝም በ1924 የመጣው ከዳዳ ጎን ነው። ሕልምን እንደ ቁም ነገር ይዞ። የዳሊ የቀለጡ ሰዓቶች በ1931 የተሣሉ ናቸው፤ ሸራው ደግሞ ከአንድ የደብተር ገጽ ብዙም አይበልጥም። ፖፕ አርት በ1960ዎቹ የሱቅ ዕቃን ሸራ ላይ አወጣ፤ ዋርሆል በ1962 32 የሾርባ ቆርቆሮ ሣለ። ማስታወቂያ በሚጮህበት አገር ማስታወቂያውን መሣል ነው ነገሩ።

እኛ ዘንድስ መቼ ደረሰ?

አዲስ አበባ ላይ ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን የመሠረቱት በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ ሲመለስ ረቂቅ ሥዕል ይዞ መጣ። የሐረር ልጅ ነው፤ ገጣሚም ነበር። የፈረንጅ ቅጂ ነው ተብሎ ብዙ ተወቀሰ። ስቅለቱን የሣለበትን «ጎልጎታ» ያየ ሰው ግን ጉዳዩ የፈረንጅ እንዳልሆነ ይገባዋል።

እስክንድር ቦጎስያን ለንደንና ፓሪስ ቆይቶ በ1966 ተመለሰ፤ የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየምም ሥራውን ገዝቷል። እሱ ደግሞ ያነሣው ጠልሰሙን ነው። ደብተራ ብራና ላይ የሚሥለውን፣ በክታብ ውስጥ የሚጠቀለለውን። ጎጃም ያደገ ሰው ባያነብበው እንኳ አይቶታል፦ የሚያፈጡ ዓይኖች፣ የተጠላለፈ መስመር፣ ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ። ሰውም ዛፍም የለውም። እስክንድር በብራና ላይ ሳይቀር ሠራ፤ ሱሪያሊዝምን ከጠልሰም ጋር አጋባ። በኋላ ዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ተማሪው የነበረው ወሰኔ ወርቄ ደግሞ ፊደላችንን እየዘረጋና እያጠፈ ሥዕል አደረገው።

የገብረ ክርስቶስን ሥራዎች ማየት የፈለገ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በስሙ የተሰየመ ሙዚየም አለ። ስትገቡ መጀመሪያ «ምንድን ነው ይሄ?» አትበሉ። ራቅ ብላችሁ ቁሙ፣ ከዚያ የብሩሹ አካሄድ እስኪታይ ቅረቡ፣ መግለጫውን መጨረሻ ላይ አንብቡ።